ለማርያም የተሳለ ጃንጥላ

እግዚአብሔር የለም ብዬ የተከራከርኩ ጊዜ ያስጠናኝ አባቴ ነው። አባቴ ደግሞ መሪጌታ ነበር። ይህን ሳወራ የሚሰማኝ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «መቼም ቀልደኛ ነሽ» ይለኛል፤ እናቴ ለማርያም ጃንጥላ የተሳለችው እኔ እንድረታ ብላ ነው ስለው ደግሞ ባርኔጣውን አንስቶ ይሄዳል። ይሂድ። እኔ የሆነውን ነው የማወራው።

ነገሩ የሆነው ጎንደር ነው። ጣሊያን ወጥቶ፣ ንጉሡ ተመልሰው፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ከፍቶ ልጅ አምጡ እያለ ሰው በሚለምንበት ዘመን። ቤታችን ከደብራችን ከማርያም ቅጽር ሥር ነበር፤ በግቢያችን የአባቴ የቅኔ ተማሪዎች ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው ግእዝ ነው። እኔ ሴት ነኝና ከዚያ ሁሉ ትምህርት የደረሰኝ ለተማሪዎቹ ውሃ መቅዳት ብቻ ነበር። መንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እናቴ ናት። አባቴን በምን እሺ እንዳሰኘችው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እናቴ ነገር የምትጨርሰው እየፈተለች፣ ድምፅ ሳታሰማ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ አንድ ቀን ቃል ሰጥቶ መጣ። ኮላ ድባ የሚኖር ባለጸጋ ገበሬ ለቅስና የደረሰ ዲያቆን ልጅ አለው። ዲያቆን ሳያገባ ቅስና አይቀበልም፤ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ላግባ ቢል አይሆንም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤት እሳት እንደተነሣበት ቤት ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይሯሯጣል። ሽማግሌ ላኩ፣ አባቴ እሺ አለ፣ ሠርጉ ለፋሲካ ማግስት ተቆረጠ። ዲያቆኑን አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ በላ፣ አንገቱን ደፍቶ አመሰገነ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ግንባሩ ከመቃኑ ጋር ተላተመ። ለመቃኑም ይቅርታ የጠየቀው መሰለኝ።

ክፉ ልጅ አልነበረም። እኔ ግን ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ መሆን ነበር የምፈልገው። ኮላ ድባ ከሄድኩ እንኳን ማስተማር፣ የተጻፈ ወረቀት የማየው ክታብ ላይ ብቻ ነው። አለቀስኩ። አባቴ «ልቅሶ ነው፣ ያልፋል» አለኝና ወደ ተማሪዎቹ ሄደ። እውነቱን ነው ያለው፤ የሚሻለኝ ያ መስሎት ነበር፣ ተንኮል አያውቅም።

ትምህርት ቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የክርክር ክበብ ነበረው። ከውሃና ከእሳት የቱ ይጠቅማል፣ ከገበሬና ከነጋዴ ማን ይበልጣል እያልን አርእስቱን ሁሉ ጨረስነው። ያን ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣው የአማርኛ አስተማሪያችን፣ በዚያ ፀሐይ ከራቫቱን የማይፈታ ቀጭን ሰው፣ ነገሩ እንዲሞቅ ብሎ «እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም?» የሚል አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈ። የጎንደርን መንገድ እንኳ ገና አያውቅም ነበር፤ አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ ምን እንደለጠፈ የገባው ከሰዓት በኋላ ነው።

ዳይሬክተሩ አስተማሪውን አስጠርቶ ማስታወቂያውን ሊያስነሣ ፈልጎ ነበር። ግን ወሬው አራዳን አዳርሶ ተመልሷል። «ካነሣነው ለመልሱ ሠጉ ይሉናል፣ ከተውነው ካዱ ይሉናል» ብሎ ሲጨነቅ ዋለና በመጨረሻ መላ አገኘ። ክርክሩ ይካሄዳል፤ የሚረታው ግን እግዚአብሔር ነው። ይህን እኛ ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ የፈተና ውጤት እንደሚያነብ ሰው ኮስተር ብሎ ነገረን። ከዚያ አስተማሪው ዕጣውን በባርኔጣው አዞረ። እኔ ያወጣሁት ወረቀት «የለም» ይላል። «አለ» የደረሰው ከቀሐ ወንዝ ማዶ ያለው ደብር አለቃ የወንድም ልጅ ነው።

ማታ በራት ላይ ተናገርኩት። አባቴ መቋሚያውን ያነሣብኛል ብዬ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ጉርሻውን ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል አቆመው።

«አለ የሚለውስ ማን ነው?» አለ።

«የማዶው አለቃ የወንድም ልጅ።»

ጉርሻውን መለሰው። እዚህ ላይ ስለ ማዶው አለቃ ልናገር። አንድ ዓመት በጥምቀት፣ ቀሐ ባሕሩ ዳር፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ አባቴ ቅኔ ሲያቀርብ፣ ልክ ምሥጢሩ ላይ ሲደርስ አለቃው አስነጠሰ። አለቃው ብርድ ነው ይላል። አባቴ ግን ያ ማስነጠስ ታስቦበት የመጣ ማስነጠስ ነው ብሎ ያምናል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ የሚለዋወጡት በሕዝብ ፊት ብቻ ነው፤ እሱንም ማን ቀድሞ ጎንበስ አለ እያሉ ይጠባበቃሉ።

«እንግዲህ ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆመለት ያ ሰው ሆነ» አለ አባቴ። ተማሪዎቹ የሚቀመጡበትን አጎዛ አሳየኝ። «ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

በዚያ አጎዛ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ጠርጌዋለሁ፣ አራግፌዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ደስ ብሎኝም ነበር፣ ምን ያደርጋል መዋሸት።

አባቴ እንዲህ ነው ያስረዳኝ። መናፍቅ ምን ብሎ እንደሚናገር ያላወቀ ሊቅ መልስ ሲሰጥ ይንተባተባል፤ ስለዚህ በእሱ ትምህርት ቤት የመናፍቁ ቃል ከነመልሱ ይጠናል። ለእኔ የሚያስጠናኝ ግማሹን ብቻ ነው፣ መልሱን ለራሱ ያስቀረዋል። «እኔ የማስጠናት ልጅ በማዶው አለቃ የወንድም ልጅ አትረታም» አለ። በእግዚአብሔር ላይ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። እግዚአብሔርን ለጊዜው ረስቶት ነው።

ከሠርክ ጸሎት በኋላ ይጀምራል። እያንዳንዱን የክህደት ቃል ከመናገሩ በፊት ሦስት ጊዜ ያማትብና «አፌን ይቁረጠው» ይላል። ከዚያ ንግግሩን ይናገራል፤ እንዲህ ያለ የተዋበ ክህደት ሰምቼ አላውቅም። ሲጨርስ «ይቅር በለኝ» ብሎ መሬቱን ይዳስሳል። እኔ እደግማለሁ። አንዲት ቃል ከዘለልኩ ከሥሩ ያስጀምረኛል።

ለንስሐ አባቱም ሳይነግር አልቀረም። የንስሐ አባቱ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፤ ጉዳዩን ሰምተው «ማስጠናቱንስ ተው አልልህም፣ ቃልህን ሰጥተሃል፤ ለእያንዳንዱ ክህደት ግን ትሰግዳለህ» አሉት። ስግደቱ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ አባቴ ክህደት መምረጥ ጀመረ። «ይህኛው ደካማ ነው፣ ጉልበቴን አላስጨርስበትም» እያለ ይጥላል። አንዳንድ ማታ «ዛሬ ጉልበቴ አይችልም፣ የትናንቱን ድገሚ» ይለኛል። ለዚህ ይሆናል የቀሩት ሁሉ ብርቱ ብርቱዎቹ የሆኑት።

ደንቢያ ላይ በረዶ ወርዶ የጻድቁንም የሌባውንም ጤፍ እኩል እንደሚያጭደው ተማርኩ። ከጎረቤት ልጅ ሞቶ ከጎረቤት ልጅ ሲወለድ አንዱን እግዚአብሔር ሰጠ፣ ሌላውን እግዚአብሔር ነሣ ማለት ምንም እንዳላሉ መሆኑን ተማርኩ። አንድ ማታ ግን አባቴ ሳያማትብ ጀመረ። ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን የርስቱን ነገር አነሣ። ከአንድ የሥጋ ዘመዱ ጋር በአባቱ ርስት ተካስሶ ነበር፤ ምስክር ጠፍቶ ዳኛው ሁለቱንም «ማሉ» አላቸው።

«የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ይዞ ማለ» አለ አባቴ። «እኔም ያንኑ ደጅ ይዤ ማልኩ። ከሁለታችን አንዳችን በሐሰት ምለናል። ሁለታችንም በሰላም ቤታችን ገባን። ርስቱን እሱ ወሰደ፣ አሁንም ያርሰዋል። ወፍሯል። ካለ፣ ያን ጊዜ የት ነበር?»

መብራቱን አየ። ይቅር በለኝም አላለም፣ መሬቱንም አልዳሰሰም። «ይህችን የመጨረሻ አድርጊያት» አለኝና ሄዶ ተኛ። በማግስቱ ሲሰግድ ከወትሮው ረዝሞ ቆየ።

እናቴ ይህን ሁሉ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን «ለማርያም ጃንጥላ ተስያለሁ፣ እንድትረቺ» አለችኝ።

የማርያም ጃንጥላ ማለት ታቦት ሲወጣ የሚያዝ፣ ከፋይ የለበሰ፣ ዙሪያው ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ነው። ዓመት የፈተለችውን ሁሉ ሸጣም አይበቃት።

«እማዬ፣ እንድረታ ነው የምትይው? የሚረታው እግዚአብሔር ነው ብሎናል እኮ ዳይሬክተሩ።»

«እኔ የተሳልኩት ለማርያም እንጂ ለዳይሬክተሩ አይደለም።»

«ደሞስ ብረታ ምን ይረባኛል?»

እንዝርቷን አላቆመችም። «ብትረቺ ወሬው ኮላ ድባ ይደርሳል። እግዚአብሔር የለም ብላ በሕዝብ ፊት የረታችን ልጅ ማን ቄስ ይወስዳታል? ብትሸነፊላቸው ግን ማን ያወራልሻል፣ ያው ፋሲካ ሲደርስ በበቅሎ ትጫኛለሽ።»

አፌን ከፍቼ አየኋት። ከዚያ የከነከነኝን ተናገርኩ። «እማዬ፣ ግን እኮ የለም የምለው የማርያምን ልጅ ነው።»

«እሷም እናት ናት፣ ይገባታል» አለች። «አንቺ ጥናትሽን አጥኚ። እሷን ለእኔ ተይልኝ።»

በዚህም አላበቃችም። ለዲያቆኑ አባት ወደ ኮላ ድባ መልእክት ላከች፤ ልጃችን ቅዳሜ በትምህርት ቤት አዳራሽ ስለ እግዚአብሔር ትናገራለችና ቢመጡ ደስ ይለናል የሚል። ውሸት የለበትም። ሰውየው ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ጋቢ ተደርቦ፣ በሰጋር በቅሎ፣ አንድ ገንቦ ማር አስይዞ ደረሰ። «ሸጋ ነገር ነው፣ ሸጋ ነገር» አለ። «ምራቴ ስለ ፈጣሪ ስትናገር ልስማ እንጂ።» አባቴ ፊቱ ተለወጠ። ወደ እናቴ ዞር ቢል እሷ ለእንግዳው ወንበር እያራገፈች ነው።

አዳራሹ የጣሊያን የማኪና ማደሪያ የነበረ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ላይ የዘይት እድፍ ያልለቀቀው ቤት ነው። ካህናቱ ጥምጥማቸውን እየጠመጠሙ መጥተው የፊቱን አግዳሚ ያዙ። የማዶው አለቃ በግራ፣ አባቴ በቀኝ። የዲያቆኑ አባት ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ጭራውን እያወዛወዘ ዝንብ ያባርራል። ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤትም አንድ ባለ ኮት መጣ፤ እሱን ሲያይ ዳይሬክተሩ መሐረቡን አወጣ። ሴቶቹ በር ላይ ቆሙ፣ እናቴም እዚያው።

መጀመሪያ የተናገረው ልጁ ነው። አለቃው ረጅም ነገር በግእዝ አስጠንቶታል። ልጁ በቃሉ ያዘው እንጂ ምን እንደሚል አላወቀውም። መሐል ላይ ሲደርስ ጠፋው። ሲጠፋው ደግሞ በቃል የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፣ ተመልሶ በስመ አብ ብሎ ከሥሩ ጀመረ። እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና ጠፋው። ደግሞ በስመ አብ አለ። በኋላ አዳራሹ ሁሉ መነሻውን ለምዶት አብሮት ይል ጀመር፣ ባለ ኮቱ ሳይቀር። አስተማሪው ሰዓቱን አይቶ አስቀመጠው።

እኔ ተነሣሁ። ሦስት ጊዜ አማተብኩ። «አፌን ይቁረጠው» አልኩ። ከዚያ የበረዶውን ክርክር ተናገርኩ፣ ስጨርስ «ይቅር በለኝ» ብዬ ወለሉን ዳሰስኩ።

እኔም በቃል የተማርኩ ነኝ። ከነማማተቡ ነው ያጠናሁት፣ አንዱ ካንዱ አይለይልኝም ነበር። ሁለተኛውን ልጀምር ሳማትብ ሳቁ ቆርቆሮውን አናጋው። የማዶው አለቃ ብድግ አለ።

«ጌቶቼ፣ የለም ባይዋ ታማትባለች። በማን ስም ነው የምታማትበው?»

«ማማተቡ የአባባ ነው» አልኩ። «ክርክሩን ሲያስጠኑኝ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።»

የዲያቆኑ አባት ጭራ አየር ላይ ቀረ። አባቴ ጣሪያውን ያያል፣ እዚያ የሆነ ነገር የተጻፈ ይመስል።

ቀጠልኩ። ሳላማትብ ልናገር ብሞክር ቃሉ አልመጣ አለኝ፤ ስለዚህ እያማተብኩ ካድኩ። ካህናቱ መሳቃቸውን ትተው ወደፊት ጎንበስ ብለው ያዳምጡ ጀመር። ነገር አዋቂዎች ናቸው፣ ጥሩ ነገር ከማንም አፍ ቢወጣ ይጥማቸዋል። ልጁ መልስ ሲባል አጎቱን አየ፣ አጎቱ እግሩን አየ። ከዚያ ልጁ ተነሥቶ አሁንም በስመ አብ አለ።

አባቴ ይህን አልቻለም። ተነሣ። «እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጠበቃ አይገባውም» አለና ወደ እኔ ዞሮ የበረዶዬን ክርክር አፈራረሰው። እኔም ዝም አልል፤ እሱ ራሱ ያስታጠቀኝን መለስኩለት። እሱ መለሰ፣ እኔ መለስኩ። ልጁ መሐላችን ቆሞ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። አስተማሪው «አባታችን፣ እርስዎ ተከራካሪ አይደሉም» ቢል የሚሰማው አጣ። በመጨረሻ ከራቫቱን ይዞ «በሕግ አምላክ ይቀመጡ» አለ።

አባቴ እጁን እንደዘረጋ ቀጥ አለ። በሕግ አምላክ ከተባለ ወዲያ ማንም አይንቀሳቀስም፤ ደባዳቢ እንኳ ዱላውን ያወርዳል። ያን ጊዜ ልጁ፣ ማንም ያላስጠናውን፣ ከራሱ አፍ ተናገረ።

«ይኸው፣ አምላክ ከሌለ መሪጌታን ማን አቆማቸው?»

ጭብጨባ ሆነ። ዳይሬክተሩ ላቡን ጠርጎ ፈገግ አለ። ለልጁ እኔም ደስ አለኝ። ግን ተራው የእኔ ነበር፣ የቀረችኝም አንዲት ክርክር ናት።

«የቆሙት አባቴ ደግ ሰው ስለሆኑ ነው» አልኩ። «በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆመው ደግ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች በርስት ተካስሰው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ይዘው ማሉ። አንዱ በሐሰት ማለ። ሁለቱም በሰላም ቤታቸው ገቡ፣ የዋሸው ርስቱን ወሰደ። እሱንስ ማን አቆመው?»

ሳላማትብ መናገሬን ያወቅሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ካህናቱም፣ ገበሬዎቹም፣ በር ላይ ያሉት ሴቶችም እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ አዳራሽ የርስት ክስ የሌለበት ቤት አልነበረም። የማዶው አለቃ ቀስ ብሎ «መሪጌታ ይመልሱ» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ክፋት። ሌሎቹም «ይመልሱ፣ ይመልሱ» አሉ።

አባቴ አየኝ። መልሱን ለራሱ ያስቀረው መስሎኝ ነበር፤ ያስቀረው መልስ አልነበረም። «ይህችን አልመልስም» አለና ተቀመጠ። አንጀቴን በላኝ። ያን ሰዓት ዲያቆኑንም ትምህርቱንም ረስቼ፣ ክርክሩን በተውኩት ኖሮ አልኩ።

ዳይሬክተሩ ፈጥኖ ተነሣ። «የዛሬው ክርክር ውጤት፣ እግዚአብሔር ረትቷል» አለ።

ካህናቱ አጉረመረሙ። «ማን ነው የረታው?» አለ አንዱ። «መልስ ሳይሰጥ?» አለ ሌላው። የማዶው አለቃ ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ። «ጌታዬ፣ በእውነት ይፈረድ። እግዚአብሔር በአድልዎ ፍርድ አይከብርም። የረታችው ልጅቱ ናት» አለ። የጎንደር ካህናት፣ እግዚአብሔር የለም ያለችው ትርታ ብለው በአንድ ድምፅ ይግባኝ አሉ። ዳይሬክተሩ ባለ ኮቱን አየ፤ ባለ ኮቱ ትከሻውን ሰበቀ፣ እሱም ክስ ሳይኖረው አይቀርም። «እንግዲያው ለጊዜው ልጅቱ ረትታለች» አለ ዳይሬክተሩ። ከበሩ አንዲት ሴት እልል አለች። ብቻዋን። እናቴ ናት።

የዲያቆኑ አባት በቅሎው ላይ ሆኖ አባቴን ተሰናበተው። «ልጅዎ ሸጋ ናት መሪጌታ፣ አንደበቷም ሸጋ ነው። እንዲያው ግን፣ ልጄ ቀድሶ በገባ ቁጥር እቤቱ በሚስቱ ሊረታ ነው?» አለ። ማሩን አላስመለሰም፤ ጨዋ ሰው ነበር።

ጋብቻው ፈረሰ። እኔ ዳንኩ ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ስይዝ ግን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ለጥር ሌላ ባል ይፈለጋል፤ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት የለም» አለኝ። አልተቆጣም። ፊቴን አላየም። ከዚያ በኋላ ጾሙን በሙሉ አላነጋገረኝም፣ አጎዛውም ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ። ውሃ መቅዳት ጀመርኩ፤ ከጓደኞቼ አንዷ መንገድ ላይ አግኝታኝ የፈተናውን ቀን ስትነግረኝ ማሰሮውን እዚያው አስቀምጬ አለቀስኩ።

እናቴ ግን ጃንጥላውን ገዛችው። የፈተለችውን ሁሉ ሸጠች፣ ያልበቃትን ከእህቷ ጨመረች።

«ለምን?» አልኳት። «እረታለሁ ብዬ ረታሁ፣ ትምህርቴ ግን ቀረ።»

«እንድትረቺ ነው የተሳልኩት። እሷ ድርሻዋን አድርጋለች። አልሰጥም ልበላት?»

የግንቦት ልደታ ዕለት ነው ያገባችው። ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ስለት ያስነግራሉ፤ ማን ምን እንዳገባና ማርያም ምን እንዳደረገችለት ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ሕዝቡ እልል ይላል። በቅሎው ጠፍቶ የተገኘለት ሰው ሻማ አገባ፣ እልል ተባለ። የመከነች ሴት ወለደች፣ መጋረጃ አገባች፣ እልል ተባለ። ከዚያ እናቴ ቀይ ከፋይ ጃንጥላዋን ዘርግታ ቀረበች። ሕዝቡ ገና ሲያየው እልል አለ።

«ስለ ምን የተሳልሽው ነው?» አሏት ቄሰ ገበዙ።

«ልጄ እግዚአብሔር የለም ብላ እንድትረታ ብዬ ነበር፤ ረትታልኛለች» አለች እናቴ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ቄሰ ገበዙ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉ። ለማስነገር የለመደ አፋቸው ጀመር አድርጎት ነበር፤ «የእገሊት ስለት፣ ማርያም...» ብለው ቆሙ። ሕዝቡ ለእልልታ እጁን አፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ካህናቱ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ መቋሚያውን ተደግፎ እናቴን ያያት ነበር። ጃንጥላውን አየ፣ የእሷን እጅ አየ፣ ፈትል የበላውን ጣቷን። የኮላ ድባው መልእክትም፣ እልልታውም፣ ዓመቱን ሙሉ ያልቆመው እንዝርትም ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ልጇ ትምህርቷን እንድትጨርስ ተስላ ማርያም ሰምታታለች ብለው ያስነግሩ» አለ አባቴ።

ቄሰ ገበዙ ትንፋሻቸው መለስ አለና እንዳላቸው አስነገሩ። እልል ተባለ። በማርያም ደጅ የተነገረ ነገር አይሻርም፤ ይህን አባቴ ከማንም ይልቅ ያውቃል። እኔ ከሴቶቹ ተርታ ቆሜ ነበር፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ።

ማታ ቤት ስንገባ አጎዛውን አራግፎ አነጠፈው። «ሰኞ ትሄጃለሽ» አለኝ። «ያቺን የመሐላዋን ነገር ግን መልሷን እስካገኝላት ለማንም እንዳታስተምሪ።»

አስተማሪ ሆንኩ፤ እዚያው ጎንደር። አባቴ መልሱን መፈለጉን አልተወም። በየጊዜው ቤቴ ድረስ ይመጣና «አገኘሁት» ይለኛል፤ ቁጭ ብሎ ያስረዳኛል፤ እኔ አንዲት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፣ «አልሆነችም» ብሎ መቋሚያውን ያነሣል። እያረጀ ሲሄድ በሩ ላይ ሆኖ ራሱ ጠይቆ ራሱ አፍርሶ ይመለስ ነበር።

በመጨረሻ ሲታመም አልጋው ላይ ሆኖ ጠራኝ። ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። «አይዞሽ» አለኝ፣ «አሁን ራሱን እጠይቀዋለሁ። መልሱን እልክልሻለሁ።»

የተቀበረ ዕለት የእናቴን ጃንጥላ አወጡለት፤ ከፋዩ ነጥቷል፣ ዘርፉ ግማሹ የለም። እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። መልሱ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም፤ እየጠበቅሁ ነው።